እስካሁን አንደኛ ክፍል ነሽ?

ጥምቀት ለእኛ ለጎንደሬዎች የተበተነ ሰው የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአሜሪካ ሳይቀር ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሃያ ዓመት ያላያችሁት ሰው ድንገት ጎናችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ነጭ ለብሷል። ትንሽ ወፍሯል። ጸጉሩ ሸሽቷል። በድምፁ ግን ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮም እንዲሁ ሆነ። ጥር 12 ቀን ሚካኤልን አስገብተን ስንመለስ አንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛችን ቤት ቡና ተፈላ። ሰባት ነበርን። አንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። አንዷ አሜሪካ ፋርማሲስት ናት። አንዷ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ሕንጻ አሠርታለች። አንዱ ዶክትሬቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ፈንዲሻው ዞረ፤ አቦሉ ተቀዳ፤ ወሬው በየተራ መጣ። ማን ምን ሆነ፣ ማን የት ደረሰ።

እኔ ጋ ሲደርስ ዶክተሩ ጓደኛችን ፊቱ በፈገግታ በርቶ፣ «አንቺስ? እስካሁን አንደኛ ክፍል ነሽ?» አለኝ።

ክፋት የለበትም። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል እያለን ታምሜ ስቀር ማስታወሻ በእኔ ደብተር ላይ ይጽፍልኝ የነበረ ልጅ ነው። «አዎ፣ አንደኛ ክፍል» ብዬ ስኒዬን አነሳሁ። ሰዉ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ያቺ ጥያቄ ግን እኔን አላለፈችኝም። ማታ ባለቤቴም ልጆቼም ተኝተው እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነጋ።

45 ዓመቴ ነው። ማስተማር የጀመርኩት በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀነስ የቀረውን በሙሉ ያስተማርኩት አንደኛ ክፍል ነው።

የመምህራን የሙያ እድገት መሰላል አለው። ጀማሪ መምህር ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እየተባለ ይወጣል። በየእርከኑ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ይታያል፤ ደመወዝም አብሮ ይጨምራል። እኔም በዚህ መሰላል ወጥቻለሁ። ወረቀቴ ላይ መሪ መምህር ተብያለሁ። ሰው ግን ይህን አያይም። ሰው የሚያየው የክፍሉን ቁጥር ነው። አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ታች ነው። ስምንተኛ የሚያስተምር ከፍ ይላል። 12ኛ የሚያስተምር ይከበራል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ደግሞ ሲገባ ይነሱለታል። የተማሪው ዕድሜ ሲያንስ የመምህሩም ዋጋ አብሮ የሚያንስ ነው የሚመስለው።

ግፊቱ ከጓደኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ታናሼ ነው፤ ኢንጂነር ነው። በየእሑዱ ይደውላል። «እታለሜ፣ ማስተርስሽን ጀምሪ። በትምህርት አመራር ያዢና ርዕሰ መምህር ሁኚ። ክፍያውን እኔ እችላለሁ» ይለኛል። ስታፍ ውስጥ 28 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ይመጣሉ። ያከብሩኛል፤ «እትዬ» ይሉኛል። አንዳንዴ ግን ዓይናቸው ውስጥ «ይቺ ሴት ለምን እዚህ ቀረች?» የሚል ነገር አነባለሁ። ባለቤቴ አፍ አውጥቶ አይናገርም። የቤት ማኅበራችን መክፈያ ቀን ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከወንድሜ ስልክ በላይ ይሰማኛል።

ገንዘቡን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልፈልግም። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ቢያልፍ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ የትራንስፖርቱ፣ የልብሱ፣ የኪሱ አለ። ታናሽ እኅቱ ሰባተኛ ክፍል ናት። ለጡረታ 15 ዓመት ቀርቶኛል። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ በ57 ዓመቴ የማገኘው ደመወዝ እስክሞት ድረስ ይከተለኛል ማለት ነው። ይህን ሌሊት ላይ አስቤ አውቃለሁ። ደረጃዬ ከፍ ቢል ለእርጅናዬ ይጠቅመኛል። ገንዘብ አያስፈልገኝም የሚል መምህር ካለ እኔ አላገኘሁትም።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር ግን አለ። እደጊ፣ ተለወጪ የሚለው ይኸው ዓለም በሩን የሚዘጋው በዕድሜ ነው። በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ አያለሁ። አንዱ ድርጅት የሕጻናት ንባብ ባለሙያ ይፈልጋል። ልቤ ዘለለ። ሥራውን ሳነበው እኔ በየቀኑ የምሠራው ነው። ታች ላይ «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ይላል። እኔ 35 ዓመቴ ላይ የት ነበርኩ? ልጄን አዝዬ ዲግሪ እየተማርኩ ነበር።

ይህን ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩት ደንቢያ ውስጥ ገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ በሰርተፊኬት። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቼ ወደ ከተማ ተዛወርኩ። ዲፕሎማዬን በክረምት ጨረስኩ። ልጄን በ2000 ዓ.ም. ስወልድ የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን 120 ቀን ሆኗል፤ ደስ ይለኛል። ዲግሪውን ደግሞ ከ2004 እስከ 2008 ዓ.ም. በአምስት ክረምት ተማርኩ። ሁለተኛዋ ልጄ የመጣችው በመሐል ነው። የጎንደር ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዝናቡ ከሰዓት ከጀመረ አይለቅም። እናቴ ሕጻኗን ታቅፋ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ከአንድ ጣሪያ ሥር ትጠብቀኛለች። በእረፍት ሰዓት ሮጬ ወጥቼ አጠባለሁ፤ ጡቴን ከትቼ ተመልሼ እገባለሁ። ያ ዘመን ባክኖ የቀረ ዘመን አይደለም። ግን በማስታወቂያው ላይ «ከ35 ያልበለጠ» ሲል ያን ሁሉ አይቆጥረውም።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልኩት ሌላ ታሪክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከኮሮና በኋላ ትምህርት ሲከፈት ምክትል ርዕሰ መምህር ሁኚ ተባልኩ። ያኔ 40 ዓመቴ ነበር። ወንድሜ በደስታ ጮኸ። ባለቤቴ ዶሮ ገዝቶ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቢሮ ተሰጠኝ። ጠረጴዛ፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ፣ ማኅተም።

ሥራው ግን ሪፖርት ሆነ። የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የመጠነ ማቋረጥ ሪፖርት፣ የመጠነ መድገም ሪፖርት። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ «እስከ 11 ሰዓት ድረስ ተሞልቶ ይላክ» የሚል ትእዛዝ ሳይገባ የዋለ ቀን አላስታውስም። በሳምንት ሁለት ቀን ስብሰባ። በዚያ መሐል ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። 41 ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አልቻሉም። ስማቸውን በዝርዝር ጻፍኩ። ከሪፖርቱ ጋር አያይዤ ላክሁ። የተሰጠኝ መልስ «ይህ ዓምድ ፎርማቱ ላይ የለም» የሚል ነበር። 41ዱ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ወደ አራተኛ ክፍል አለፉ።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ ሆኜ አንድ ፎርም እሞላለሁ። በመስኮቱ ከታች አንደኛ ክፍል ሀ ሁ ሂ ሲሉ ይሰማኛል። ድምፃቸው አንድ ላይ ነው፤ እንደ ዝማሬ ያምራል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እያነበቡ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚያነቡ ልጆች ድምፅ እንዲህ አንድ ላይ አይሄድም። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ይዘገያል፤ ሌላው ተሳስቶ ይመለሳል። አንድ ላይ የሚሄደው በቃል የያዘ ልጅ ነው። መምህሩ አዲስ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነበር። ወርጄ ልነግረው ተነሳሁ። ስልኬ ጮኸ። ስብሰባ።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ወደ ክፍሌ መልሱኝ ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። «ምን አጥፍታ ነው?» ያለ ሰው ነበር። አንዲት ወላጅ ገበያ ላይ እጄን ይዛ «አይዞሽ፣ ያልፋል» አለችኝ። የተባረርኩ መስሏት ነው። ያ በጣም ከበደኝ። በራስ ፈቃድ ወደ ሚወዱት ሥራ መመለስን ሰው የሚጠራበት ቃል የለውም። «ወረደች» ነው የሚለው።

የዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል አወራ። ስታፍ ውስጥ ስለ ፈተናው ክብደት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ተወራ። እኔ ያሰብኩት እነዚያን 41 ልጆች ነው። ከአንደኛ ክፍል ፊደል ሳይለይ የወጣ ልጅ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወድቃል። 12ኛ ክፍል ላይ አገር አየው እንጂ የወደቀውስ ቀድሞ ነው። አሁን የገዛ ልጄ በዚያ ፈተና ፊት ቆሟል። ስለዚህ ይህን የምለው በቀላሉ አይደለም።

ሰው አንደኛ ክፍልን ማስተማር ቀላል ይመስለዋል። «ሀ ሁ ማስቆጠር ነው አይደል?» ይሉኛል። በመስከረም ስቀበላቸው አብዛኞቹ ሀ ሁን እስከ መጨረሻው ይወርዱታል። ወላጅ ይህን ሰምቶ «ልጄ ፊደል ጨርሷል» ይለኛል። እኔ «ጌ»ን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ይቺ ማን ናት? ዝም። ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ ከ«ገ» ይነሳል። ገ ጉ ጊ ጋ ጌ። ቅደም ተከተሉን ያውቃል፤ ፊደሏን አያውቃትም። የድሮ የኔታዎች አቡጊዳን ያበጁት ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት አለ፤ ፊደሉ ግን በየቤቱ ይለዋወጣል። በቃል የያዘው ነገር አያድነውም። ፊደሏን ራሷን ማየት ግድ ይሆንበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ሳድስ ነው። ካዕብና ሣልስ ቅጥያቸው ይታወቃል፤ አንዱን የለየ ልጅ ሌላውን ይገምታል። ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል። ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን፤ እስቲ ምን ያመሳስላቸዋል? አማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አይሄድም። እኔ ሳድስን ከልጆቹ ስም እጀምራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ውስጥ ያለችውን ሳድስ የእሱ ያደርጋታል። «ም» የማን ናት? ስትሉ ሦስት ልጆች ብድግ ይላሉ። የራሱን ፊደል የሚረሳ ልጅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ያበዳደራሉ። አንዱ የሌላውን ፊደል ተበድሮ ቃል ይሠራል። ይህን ለማወቅ 11 ዓመት ፈጅቶብኛል። የምስክር ወረቀት አልተሰጠኝም፤ እርከንም አልጨመረልኝም። ግን አድጌያለሁ። የስድስት ዓመት መምህርት ሳለሁ ያልቻልኩትን አሁን እችላለሁ። ሰው «የት ደረስሽ?» ሲለኝ የምመልሰው ይህን ነበር፤ ግን በቡና ላይ እንዴት ይነገራል?

ያን ሌሊት ሳልተኛ አባቴን አስብ ነበር።

አባቴ የኔታ ነበሩ። ከአርባ አራቱ ታቦት በአንዱ ቅጽር ውስጥ ወይራ ሥር ተቀምጠው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ጠዋት ፊደል፣ ከሰዓት ዳዊት። ልጁ በስንደዶ ፊደሏን እየነካ ይጠራል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲሳሳት ይነቃሉ። ደመወዝ የላቸውም። ወላጅ ሽንብራም፣ ጤፍም፣ አንዳንዴ ዶሮም ይዞ ይመጣል። ልጅ ዳዊት ሲደግም ይደገሳል፤ የኔታም ጋቢ ይለብሳሉ። 38 ዓመት እንዲህ ኖሩ። «የኔታ፣ እስካሁን ፊደል ነዎት?» ያላቸው ሰው አላስታውስም።

47 ዓመታቸው ላይ ደግሞ አቋቋም፣ መቋሚያ ይዞ በዝማሜ እየተወዛወዙ የሚዘመረውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ለመማር በአታ ጉባኤ ቤት ገቡ። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ ለዚህ ትምህርት ከሩቅ ሰው ይመጣል። ቀን ልጆቹን ያስቆጥራሉ፤ ማታ መቋሚያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አብረዋቸው የሚማሩት ሃያ ዓመት ያልሞላቸው የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። መሪጌታውም በዕድሜ ያንሷቸው ነበር። ዝቅ ብለው እጅ ይነሷቸዋል። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። አንድ ማታ በር ላይ ጠብቄ «አባባ፣ ሲጨርሱ ምን ይሆናሉ?» አልኳቸው።

«ዝማሜውን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ስድስት ዓመት ተማሩ። ከዚያም ጠዋት ጠዋት ወይራው ሥር ነበሩ።

ይህን ለእናቴ ባነሳሁባት ጊዜ አዳመጠችኝና ራሷን ነቀነቀች። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። «ልክ ነሽ፣ አባትሽ ትልቅ ሰው ነበሩ» አለች። ቀጠለችና፣ «ያን ጊዜ ጌሾ የወቀጥኩት፣ ጠላ የሸጥኩት፣ እናንተን ያበላሁት እኔ ነኝ። የአባትሽን አቋቋም የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረባትም። እንዳልረሳው ብላ ነው። እውነቷን ነው። አባቴ በሰላም የሚማሩት ሌላ ሰው ጢስ ውስጥ ስለቆመ ነበር። ስለዚህ እኔ የአባቴን ታሪክ ይዤ «ደረጃ ከንቱ ነው» ማለት አልችልም። በእኛ ቤት ደግሞ ጠላ የሚጠምቅልኝ የለም።

ወሩ እንዲህ እየተገላበጥኩ አለፈ። የወሰንኩት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ በክፍሌ 58 ልጆች አሉ። አንዱ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓመቱን እየደገመ ነው። እናቱ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ቆሞ መልስ ይመልሳል። አንድም ብር አይሳሳትም። ተረት ንገረኝ ብትሉት ክፍሉን ሁሉ ያስቃል። ፊደል ግን አይዝም። ሰኞ የለያትን ረቡዕ አያውቃትም። «በ»ን ሲጽፍ ተገልብጣ ትወጣለች። «ተ»ን እና «ቀ»ን አይለይም። ጭቃ አድርጌ በጣቱ አሠራሁት። አሸዋ ላይ አጻፍኩት። የስሙን ሳድስ ሰጠሁት። የራሱን ፊደል የሚረሳ ልጅ አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር። እሱ ረሳት።

ባለፈው ሐሙስ ልጆቹ ወጥተው እሱ ቀረ። ደብተሩን ዘጋና «ቲቸር፣ እኔ ሰነፍ ነኝ አይደል?» አለኝ። አይደለህም አልኩት። ግን ምን እንደሆነ ልነግረው አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅማ። ሃያ አምስት ዓመት አስተምሬ ይህን አላውቅም። በየዓመቱ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ አንድ ልጅ፣ አንዳንዴ ሁለት፣ በእጄ አልፏል። ከእነዚያ 41 ልጆች ውስጥም ነበሩ። በዝርዝሬ ላይ «አያነቡም» ብዬ በአንድ መስመር አስቀመጥኳቸው እንጂ ለይቼ አላየኋቸውም። ይህን ሳስብ አፈርኩ።

ዶክተሩ ጓደኛችን ሲጠይቀኝ ያመመኝ ለምን እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ። ታች መሆኔ አይደለም። አንደኛ ክፍል ገና አልጨረስኩትም። የማላውቀው ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመት የተጨነቅሁት መውጣት አለብኝ ወይስ የለብኝም በሚለው ነው።

በዚያው ማታ ልጄን «የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ልወስድ ነው» አልኩት። ጋት የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለቴ ነው። ሂሳብ አለበት። ልጄ ሳቀና ወንበር ሳበልኝ። አሁን ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን። እሱ ለ12ኛ ክፍል፣ እኔ ለጋት። መብራት ሲጠፋ የስልኩን መብራት በመሐላችን ያቆማል። እኔ መነጽሬን አደርጋለሁ። ፕሮባቢሊቲ ያስረዳኛል፤ ሳይገባኝ ሲቀር አይቆጣም፤ በሌላ መንገድ ይሞክራል። ጥሩ መምህር ይወጣዋል ብዬ አሰብኩ፤ አልነገርኩትም። ኢንጂነር ነው መሆን የሚፈልገው። እኔ ለአማርኛ ንባቡ እረዳዋለሁ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሁለታችንን ታየናለች። ትናንት ቆሎ ቆልታ በመሐላችን አስቀመጠች።

እሑድ ወንድሜ ደወለ። ፈተናውን ልወስድ መሆኑን ነገርኩት። ደስታውን አልቻለውም።

«ጎሽ እታለሜ! ትምህርት አመራር ነዋ?»

«አይደለም። ልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «እሱ ሹመት ያስገኛል?»

«አላውቅም። ማንበብ የሚያቅታቸውን ልጆች እንዴት እንደሚያስተምሩ መማር እፈልጋለሁ።»

«እሺ። ከዚያስ? ስትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?»

«ከዚያ አንደኛ ክፍል እመለሳለሁ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሃሎ» አልኩ። ከበስተጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ አለ ማለት ነው።

«አባባን መሰልሽኝ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ለመሆኑ የመመዝገቢያው ስንት ነው? ሰኞ እልክልሻለሁ።»